እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ጉልላቶች

ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ዳገቱን ወደ እንጦጦ ማርያም ለሚወጣ ሰው ጉልላት ማየት ብርቅ አይደለም። ተራራው የአድባራት አገር ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚሁ ማርያም ነው፤ ራጉኤልም ቅርብ ጎረቤቷ ነው። እናም ከባሕር ዛፉ በላይ ብቅ ያሉትን ሁለት ጉልላቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ እንግዳ በዓይኑ መስቀላቸውን ቢፈልግ አይፈረድበትም። መስቀል የላቸውም። ሲመሽ ጣሪያቸው ይከፈትና በየውስጣቸው ያለው ቴሌስኮፕ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል።

ይህ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል ነው። በ2007 ዓ.ም. ሲመረቅ ለምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም ቴሌስኮፖች ከጀርመን የመጡ ሲሆኑ የእያንዳንዳቸው ዋና መስታወት ስፋት 1 ሜትር ነው።

አንድ ሜትር ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ በር እንኳ ከዚያ ይረዝማል። ነገር ግን ቴሌስኮፕ ከማጉላት ይልቅ ዋና ሥራው ብርሃን ማጠራቀም ነው። ዝናብ ሲዘንብ ስኒ ያስቀመጠና በርሜል የደቀነ ሰው እኩል ውኃ እንደማያገኙት ማለት ነው። በጨለማ የሰው ዓይን ብሌን ቢሰፋ ቢሰፋ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱን በስፋቱ አባዝቶ ያነጻጸረ ሰው የእንጦጦው መስታወት ከአንድ ዓይን 20 ሺ ጊዜ ያህል የበለጠ ብርሃን እንደሚቀበል ያገኛል። ከፍታውም የራሱን ያግዛል። በዚያ ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ከአየሩ ሲሶ ያህሉን ከእግሩ በታች ትቶ ስለወጣ፣ ኮከቡን የሚያርገበግበውና የሚያደበዝዘው ነገር ያን ያህል ቀንሶለታል።

ሰማይን ማጥናት ለዚህ ተራራ አዲስ ነው ማለት ግን አይቻልም። በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የጨረቃን ዕድሜ የሚያወጣው ቀና ብሎ ሳያይ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ቢጠየቅ 5,500 ዓመተ ፍዳን ይደምርና 7,518 ይላል፤ ለ19 ሲያካፍለው 13 ይተርፈዋል፤ ይህ መደብ ነው። አንዱን አትቶ ዘመን ይልና 12 ወንበር ይይዛል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝቶ ሲገድፈው መጥቅዑ 18 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ አንድ ቦታ ተሳስቷል። 19ኙ ዓመት ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ጨረቃና ፀሐይ በዚያን ያህል ዓመት ሒሳባቸውን ይዘጋሉና። እኔ ይህን ከፍተኛ ትምህርት አይደለም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ቅኔውን፣ ዜማውንና ትርጓሜውን ተምሮ ለመጨረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እጠይቀዋለሁ። በአውሮፓ የመጀመሪያው የሚባለው የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ፣ በልማድ እ.ኤ.አ. በ1088 ተጀመረ የሚባለው፣ ሲነሳ ሕንፃም ግቢም አልነበረውም፤ መምህር ፍለጋ አገር አቋርጠው የመጡ ተማሪዎች ማኅበር ነበር። የቆሎ ተማሪ ይህን ሲሰማ ብዙ አይደንቀውም።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ግን ከጉባኤ ቤቱ አልተወለደም፤ ተዘጋጅቶ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. መቶ በማይሞሉ ተማሪዎች ሥራ ጀመረ። በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ደም የፈሰሰበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በዓመቱ ለትምህርት ተሰጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ሆነ፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ደግሞ፣ ዓለም የጂኦፊዚክስ ዓመት ብሎ በሰየመው ጊዜ፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ ሌላው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዋን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋመ። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢስ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቦታዋ ይፈለግ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ በኩል መሬት ስትንቀጠቀጥ፣ የከተማው ሰው ከፎቅ ወርዶ መልስ የጠበቀው ከዚያ ቤት ወራሾች ነው።

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለሠላሳ ዓመት ገደማ ከመጀመሪያ ዲግሪ ማለፍ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ሻንጣውን ማሰር ነበረበት ማለት ነው። ብዙዎቹም፣ በተለይ ከአብዮቱ በኋላ፣ ሻንጣቸውን ይዘው አልተመለሱም። የሥነ ፈለክ ትምህርት ከሌላውም የባሰ ነበር፤ ሰማዩ እዚህ፣ ቴሌስኮፑና መምህሩ ባሕር ማዶ።

የእንጦጦውን ነገር የጠነሰሰው በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ያኔ ሐሳቡን የሰማ ብዙ ሰው ሳቀ። እህል ያልጠገበ አገር ኮከብ ሊቆጥር ነው ወይ ተባለ። ጥያቄው ቀላል ስላልሆነ ንቄ አላልፈውም። ገንዘቡ፣ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በአብዛኛው ከሼክ መሐመድ አል አሙዲ ኪስ ወጣ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ማዕከሉን በአባልነት ያዙት። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት ኢንስቲትዩት አቋቁሞ ወሰደው፤ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው።

ለእኔ ግን የጉልላቶቹ ዋና ምርት ሌላ ነው። በግቢው በአስትሮኖሚና አስትሮፊዚክስ፣ በሪሞት ሴንሲንግ፣ በጂኦዴሲ የማስተርስና የፒኤችዲ ትምህርት ይሰጣል። የኮከብ ብርሃን ማንበብ የለመደ እጅ የሳተላይት ምስል ማንበብ አይከብደውም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ታይዩዋን ሲወነጨፍ ሰዉ ተሰብስቦ በስክሪን ያየው እዚሁ እንጦጦ ነበር፤ የመቆጣጠሪያ ጣቢያውም እዚሁ ነበር። ሳተላይቱን በአብዛኛው የከፈለችው ቻይና ናት። መረጃው የሚፈለገው ግን ለእርሻ፣ ለደንና ለውኃ ነበር፤ እህል ያልጠገበ አገር ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የቀረበ መልስ አላየሁም።

ከእንጦጦ ሸንተረሩ ወደ ምሥራቅ ይቀጥላል፤ በየካ ጋራ፣ በዋሻ ሚካኤል በኩል አልፎ ኮተቤ ይደርሳል። በዚያ ግርጌ ያለው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ መጀመሪያ መምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ ነው። መጀመሪያ ኮሌጅ፣ በኋላ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ አሁን ስሙ ራሱ ወደ መምህርነት ተመልሷል። ለጎብኚ የሚታይ ጉልላት የለውም። ነገር ግን ወደ ተራራው የሚወጣው የፊዚክስ ተማሪ የሚወሰነው እንዲህ ባሉ ግቢዎች ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ወደ 50 የሚጠጉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ገንብታ ነበር፤ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባም ከዓመታት በፊት ተወስኖ ነበር። ግቢው ተሠራ፣ ኮታው ተመደበ፣ በሩ ላይ የደረሰው ግን ጥቂት ሆነ። ያን ውጤት ተማሪው ላይ ብቻ መጣል ይቀለናል፤ ፊዚክስ ያስተማረውን ሰው ማን አሠለጠነው ብለን ስንጠይቅ ግን ወደ ኮተቤ መውረዳችን ነው።

ማዕከሉ የራሱም ችግር አለው። ክረምት ሲገባ ተራራው ደመና ለብሶ ይከርማል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቴሌስኮፑ ብዙ ሌሊት ተሸፍኖ ያድራል። ደመናው ሲገፈፍ ደግሞ የከተማው መብራት ይጠብቀዋል። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የቆረቆሯት ከተማ ከታች እስከ ዳገቱ ድረስ ታበራለች፤ መብራቷ የደከሙ ኮከቦችን ይውጣቸዋል። ባለሙያዎቹ ይህን ቀድመው ያውቁት ስለነበር ገና ከጅምሩ ከከተማ የራቀ፣ በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ የሚቆም ትልቅ ኦብዘርቫቶሪ ያስቡ ነበር። እንጦጦ መማሪያው፣ ላሊበላ ዋናው እንዲሆን ነበር ሐሳቡ።

እስከዚያው ግን ለመማሪያ ይህን የመሰለ ሰማይ ማግኘት ዕድል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ሁለቱም ሰማይ ይታያታል። በጠራ ሌሊት ከጉልላቶቹ አጠገብ የቆመ ሰው ወደ ሱሉልታ ዞሮ ክንዱን ዘርግቶ ቡጢውን አድማሱ ላይ ቢያሳርፍ፣ የሰሜን ኮከብ ከአውራ ጣቱ ጠርዝ አካባቢ ነው። ግንቦት ላይ ፊቱን ወደ ከተማው ካዞረ ደግሞ፣ ከመብራቱ ብናኝ በላይ፣ ሁለት ቡጢ ያህል ከፍታ ላይ፣ አውሮፓዊ ከአገሩ ሆኖ የማያየውን የደቡብ መስቀል ያገኛል።