ሕፃኑ ዛሬ ማታ በማን እጅ ያድራል?

በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) በዲሴምበር 2013 በደቡብ ሱዳን፣ በጁባ ከተማ የተለኮሰው የእርስ በርስ ጦርነት ወደ ላዕላይ ናይል በተዛመተ ጊዜ፣ መንደሩን ጥሎ፣ ከብቱን በትኖ፣ በፓጋክና በሌሎች የጠረፍ በሮች ወደ ጋምቤላ የገባው ሕዝብ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሲሆን፣ ከእርሱም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነበረ። ከነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ከእናቶቻቸው ጋር መጡ፤ ሌሎቹ ከአክስት፣ ከአያት፣ ወይም በመንገድ ላይ ካገኟቸው የአገራቸው ሰዎች ጋር ተጠግተው መጡ፤ የቀሩትም አዋቂ የሚባል ሰው ሳይከተላቸው፣ ታላቁ ታናሹን አዝሎ ደረሱ።

በዚያ በር ላይ የጠፋው ግን የረዳት እጅ አልነበረም። የመንግሥቱ የስደተኞች መሥሪያ ቤት ይመዘግባል፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከለላ ይሰጣል፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል ያቀርባል፤ ዩኒሴፍ ክትባቱንና ትምህርቱን ይደግፋል፤ ቀይ መስቀል የጠፋ ዘመድ ያፈላልጋል፤ ሴቭ ዘ ችልድረንና ፕላን ኢንተርናሽናል የሕፃናቱን ጥበቃ ይይዛሉ፤ የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም በትምህርቱ በኩል ድርሻውን ይወጣል። እንግዲህ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በደረሰበት ቀን ስሙን ለአምስት ሰው ሊናገር፣ አምስቱም በየመዝገባቸው ሊጽፉት ይችላሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ያ ልጅ የት ጎጆ እንደሚያድር፣ እራቱን ማን እንደሚሰጠው፣ ሌሊት ቢያተኩሰው ማንን እንደሚጠራ ከአምስቱ አንዳቸውም ላያውቁ ይችላሉ። በእኔ እምነት የስደተኛ ሕፃናትን ጥበቃ የሚያሰናክለው፣ ርኅራኄ ከሚያንስበት ጊዜ ይልቅ የኃላፊው ስም ሳይለይ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል፤ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ለማስረዳት የምደክመውም ይህንኑ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን፣ ሕፃኑ ኢየሱስ ከእናቱ ጋር ወደ ግብፅ መሰደዱን በማኅሌት ታስባለችና፣ ስደተኛ ሕፃን ለኢትዮጵያዊ ምእመን እንግዳ ሥዕል አይደለም። ነገር ግን በዚያ ስደት ሕፃኑ ከእናቱ እቅፍ አልተለየም፤ አረጋዊው ዮሴፍም ጠባቂ ሆኖ ተሰጥቶታል። በጠረፉ ላይ ብቻውን ለቆመው ልጅ የጎደለው ይህ ነው፤ ሥርዓት ተብሎ የሚዘረጋውም ነገር ሁሉ፣ በወረቀትና በስብሰባ ብዛት ቢሸፈንም፣ ይህን ጠባቂ በስሙ ለይቶ ለመስጠት የሚደረግ ድካም ነው።

ጋምቤላ እንዲህ ያለውን ልጅ አስቀድማም ታውቀው ነበር። ከ1987 ጀምሮ፣ የሱዳን ሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት የባሕር ኤል ገዛልንና የላዕላይ ናይልን መንደሮች ባቃጠለበት ወራት፣ አብዛኞቹ የዲንቃና የኑዌር ወገን የሆኑ ወንዶች ልጆች፣ በየሜዳው ረኀቡና ጥሙ፣ አውሬውና የታጠቀው ሰው እየቀነሳቸው፣ ለሳምንታትና ለወራት በእግራቸው ተጉዘው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በፒኙዶ ሠፈር ብቻ ከ10,000 በላይ የሚሆኑ ያለ ወላጅ የመጡ ልጆች ተሰበሰቡ፤ ኢታንግና ዲማም የየድርሻቸውን ተቀበሉ። ልጆቹ በቡድን በቡድን ተከፍለው፣ ከወገናቸው አስተማሪና ተንከባካቢ ተሰይሞላቸው፣ ጎጇቸውንና የመማሪያ ዳሳቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ። እህል መጣ፤ ሐኪም መጣ፤ ፊደልም ተቆጠረ። ዳሩ ግን የውጭው ድርጅት ምግቡንና መድኃኒቱን ሲያቀርብ፣ በሠፈሮቹ ውስጥ በእውነት ያዝዝ የነበረው የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር ነበረ፤ ስለዚህም ከልጆቹ ብዙዎቹ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ለወታደርነት ይሠለጥኑ፣ ለጦርነትም ይወሰዱ ነበር። ረዳቶቹ ሆድን ሲመግቡ፣ በልጁ ዕጣ ላይ የሚወስነው ሌላ ነበረ ማለት ነው።

የሚያሳዝነው፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች በጁላይ 1990 በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ ሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርን ሲያጸድቁ፣ በ22ኛው አንቀጽ ሕፃን ለጦር እንዳይመለመል፣ በ23ኛውም ስደተኛ ሕፃን ጥበቃ እንዲያገኝና ወላጆቹ እንዲፈለጉለት ሲደነግጉ፣ የፒኙዶ ልጆች በዚያው አገር ወሰን ውስጥ ይኖሩ ነበር። ቃሉ በመዲናይቱ ተጽፎ ሳለ በጠረፉ ላይ የሚፈጽመው አልተሰየመም። በሜይ 1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅም ሠፈሮቹ በድንገት ተበተኑ፤ ልጆቹ በጥይት እየተባረሩ የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙዎቹ ሰጠሙ፤ የተረፉትም በፖቻላ በኩል ዳግመኛ በሱዳን ምድር ተንከራተው በ1992 ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚከብደው የሴቶቹ ልጆች ነገር ነው። ከወንዶቹ ጋር የመጡ፣ ቁጥራቸው ያነሰ ልጃገረዶች ነበሩ። ወንዶቹ በቡድን ሲቀመጡ፣ ሴቶቹ ግን እንደ ባህሉ በየቤተሰቡ ተከፋፈሉ። ይህ በራሱ ክፉ ሥራ አልነበረም፤ እንዲያውም ልጅ በማኅበር አዳራሽ ከሚያድግ በቤተሰብ ምድጃ አጠገብ ቢያድግ እንደሚሻል ዛሬ ሁሉም ይስማማበታል። ክፋቱ ከገቡ በኋላ የጎበኛቸው ባለመኖሩ ነው። ስማቸው በአሳዳጊው የራሽን ካርድ ውስጥ ተጠቃልሎ ያለ ወላጅ ከመጡ ሕፃናት መዝገብ ወጣ፤ ከፊሎቹ የቤቱ አገልጋይ ሆኑ፤ ከፊሎቹም ለጥሎሽ ከብት ሲባል ያለ ዕድሜያቸው ተዳሩ። ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ከካኩማ ከ3,000 የሚበልጡ ወጣቶችን ተቀብሎ ሲያሰፍር፣ ከነዚያ መካከል ልጃገረዶቹ 100 እንኳ አልሞሉም። ዕድሉን በዐዋጅ የከለከላቸው አልነበረም፤ ወንዶቹ በመዝገብ ሲታዩ እነርሱ አልታዩም ነበርና ነው።

በ1994 ከሩዋንዳ ድንበር ማዶ ባለችው በጎማ ከተማ የሆነው ደግሞ ቸርነት ራሱ ቤተሰብን ሊበትን እንደሚችል አሳየ። በጁላይ ወር በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሩዋንዳዊ ድንበሩን ተሻግሮ በእሳተ ገሞራው ዓለት ላይ ሲሰፍር፣ ኮሌራና ተቅማጥ በሳምንታት ውስጥ አያሌ አሥር ሺህ ሰው ፈጀ፤ በሩዋንዳና በጎረቤቶቿም ከወላጆቻቸው የተለዩት ሕፃናት 100,000 እንደሚሆኑ ተገመተ። ያን ጊዜ ከየአገሩ የመጡ በጎ አድራጊዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ፣ የእጓለ ማውታ ማሳደጊያ በየቦታው ከፈቱ። በማሳደጊያው ምግብና ንጹሕ ውሃ ነበረ፤ በወላጆቹ የላስቲክ ድንኳን ውስጥ ግን አልነበረም። ስለዚህም ልጇ ሊሞትባት የደረሰች እናት በሕይወት እያለች ልጁን በማሳደጊያው ደጅ ላይ ትታ ሄደች፤ የእርዳታው ቤትም ያላሰበውን ልጅ አልባ እናትና እናት ያለችው እጓለ ማውታ አፈራ። ከዚያ በኋላ በትብብር የተሠራው ሥራ ግን ሊመሰገን ይገባዋል፤ ስማቸውን እንኳ መናገር የማይችሉ ሕፃናት ፎቶግራፋቸው ተነሥቶ በሠፈርና በመንደር እየታየ፣ በቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ በዩኒሴፍ፣ በስደተኞች ኮሚሽንና በሌሎች ማኅበራት የጋራ ፍለጋ እጅግ ብዙ ልጆች ከዘመዶቻቸው ጋር ተገናኙ።

ከነዚህ መከራዎች የተገኘው ትምህርት በ2004 በጋራ መመሪያ ተጻፈ፤ ስድስት ታላላቅ ድርጅቶችም ብቻቸውን የቀሩና ከወላጅ የተለዩ ሕፃናትን በሚመለከት በአንድ ቃል ለመሥራት ተስማሙ። አመራሩን በተመለከተ፣ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። በገዛ አገሩ ውስጥ የተፈናቀለ ሕዝብ ሲሆን የሕፃናት ጥበቃን ጉባኤ የሚመራው ዩኒሴፍ ነው፤ ድንበር የተሻገረ ስደተኛ ሲሆን ግን ከመንግሥቱ ጋር የሚያስተባብረው የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ነው።

ሥራው በሠፈሩ ውስጥ የሚጀምረው በአንድ ማኅደር ነው። ብቻውን የደረሰው ልጅ በመግቢያው ላይ ከተለየ በኋላ፣ በሠፈሩ አነጋገር ኬዝ ወርከር የሚባል አንድ ሠራተኛ ይመደብለታል። ከማን ጋር እንደ መጣ፣ ዘመዶቹን መጨረሻ የት እንዳያቸው፣ የሚያስፈራው ምን እንደ ሆነ በእርጋታ ተጠይቆ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላው ድርጅት ሁሉ ልጁን እንደ አዲስ ከመመርመር ይልቅ ከዚያ ማኅደር የሚያስፈልገውን ብቻ ይወስዳል። የሞተውን አባቱን ለአምስት እንግዳ ሰው አምስት ጊዜ እንዲተርክ የሚገደድ ልጅ ቁስሉ አምስት ጊዜ ይነካልና፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ መለኪያ አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ከ25 የሚበልጡ ልጆችን እንዳይዝ ይመክራል። ልጁን ከአሳዳጊ ወደ አሳዳጊ ማዛወርን ወይም ወደ ሌላ አገር መላክን የመሰለ ዐቢይ ውሳኔ ሲመጣም፣ ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት የተውጣጣ ጉባኤ ተቀምጦ፣ የልጁንም ቃል ሰምቶ፣ የሚበጀውን ይመረምራል እንጂ አንድ ሰው ብቻውን አይቆርጥም።

ለአሳዳጊነት የሚመረጠው ቤተሰብ በተቻለ መጠን የልጁን ቋንቋ የሚናገር፣ ከዘመዱም ወገን የሚሆን ነው። እዚህ ላይ የመጣው ሥርዓትና የአገሬው ልማድ መግባባት አለባቸው። በኑዌር ዘንድ የአባት ወንድም ልጁን እንደ ራሱ ልጅ ስለሚቆጥረው፣ «አባትህ ማነው?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ አብሮት ያለውን አጎቱን ቢጠቁም አልዋሸም፤ ስለዚህ የሠፈሩን ሽማግሌዎችና የሴቶቹን ማኅበር ያልያዘ መዝጋቢ፣ ቅጹን በትክክል ሞልቶ እውነቱን ሊስት ይችላል። በምግብ ማደያውም በኩል የልጁ ስም ከአዲሱ ቤተሰብ የራሽን ካርድ ጋር በዚያው ሰሞን ካልተያያዘ፣ ለራሳቸው ልጆች ያልበቃቸውን ሰዎች ተጨማሪ አፍ ጭኖባቸው መሄድ ይሆናል፤ የወር ቀለቡ እስኪደርስ በሚያልፈው ጊዜ ልጁ በዚያ ቤት ያለው ቦታ ይወሰናል። ሕፃናትን ጠባቂው እህል አዳዩን የሚፈልገው ስለዚህ ነው። የመጸዳጃ ቤቱን በር ቁልፍ የሚያስገጥመውን መሐንዲስ፣ ልጃገረዶች እንጨት ፍለጋ ከሠፈር ርቀው እንዳይሄዱ ማገዶ የሚያቀርበውን ሰው፣ በትምህርት ቤት የቀረውን ልጅ ስም በዕለቱ የሚናገረውን መምህርም እንዲሁ ይፈልጋቸዋል። ከኦክቶበር 2017 ወዲህ በኢትዮጵያ የስደተኞች ልደት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ መጀመሩም ከዚሁ ሥራ የሚቆጠር ነው፤ ዕድሜው በወረቀት የታወቀ ልጅን ለጦር ወይም ለጋብቻ አዋቂ ነው ብሎ መውሰድ ያስቸግራልና።

ጥበቃው በሠፈሩ አጥር ውስጥ ብቻ የሚቆም ከሆነም ጎዶሎ ነው። በኤፕሪል 2016 ከደቡብ ሱዳን የመጡ ታጣቂዎች በጋምቤላ የኑዌር መንደሮች ላይ ወርደው ከ200 በላይ ሰው ሲገድሉና ከ100 በላይ ሕፃናት ሲነዱ፣ የተወሰዱት የአገሩ ልጆች ነበሩ፤ ከነርሱ የተመለሱትን ተቀብሎ ከዘመድ ጋር ለማገናኘት የሚያስፈልገው ዕውቀት ግን በስደተኛው ሠፈር ከሚሠራበት የተለየ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋኝ የርክክቡ ጊዜ ነው። የእርዳታ ድርጅቶች ውል አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር አንዱ ድርጅት ይወጣል፣ ሌላው ይተካል፣ ወይም የሚተካው ይጠፋል። ልጁ ግን በዓመቱ መጨረሻ አይታደስም፤ የሚያምነው አንድ ሰው ነበረው፤ ያ ሰው አንድ ማለዳ አይመጣም። ማኅደሩን በሣጥን አሽጎ ለተተኪው ማስፈረም ርክክብ ተብሎ ሲቆጠር ማየት ያሳዝነኛል። የሚገባው፣ ተሰናባቹ ሠራተኛ መጪውን ይዞ ወደ እያንዳንዱ ልጅ ቤት ሄዶ፣ በአሳዳጊዎቹ ፊት አስተዋውቆ፣ የሚሄድበትን ምክንያት ለልጁ በሚገባው ቃል ነግሮ፣ የተጀመረው የዘመድ ፍለጋ ከምን እንደ ደረሰ ልጁ እየሰማ ለተተኪው ማስረዳት ነው። ለዚህ የሚሆን ጊዜና የመኪና ነዳጅ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ሊመደብ ይገባዋል፤ ገንዘቡን የሚሰጡትም መንግሥታት፣ ውሉን ሲዘጉ መጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባቸው የተረፈውን ንብረት ዝርዝር ሳይሆን፣ ከተዘረዘሩት ልጆች መካከል አዲሱ ኃላፊ ገና ያልጎበኘው ማን እንደ ሆነ ነው።