የቅባት ሽፋንና ሙቀት

ቅቤ በደባርቅ ብርድ ይጠጥራል፤ ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ግን ይቀልጣል። ቅቤው ያው ቅቤ ነው፤ የተለወጠው የሞለኪውሎቹ አሰላለፍ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው በሙቀት ምክንያት የሚደርስ ለውጥ የሁነት ለውጥ ይባላል። ይህ ለውጥ በማጀት ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። የማንኛውም ሕያው ነገር ሕዋስ በቅባት ሽፋን የተከበበ በመሆኑ፣ የሽፋኑ መጠጠርና መላላት የሕይወት ጉዳይ ነው።

የሕዋስ ሽፋን እጅግ ስስ ነው። ውፍረቱ አምስት ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሽፋኑን የሚሠሩት የቅባት ሞለኪውሎች እያንዳንዳቸው ውኃ የሚወድ ራስና ውኃ የሚሸሹ ሁለት ጭራዎች አሏቸው። ስለዚህ ራሶቻቸውን ወደ ውጭ፣ ጭራዎቻቸውን ወደ ውስጥ አድርገው በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ። ሽፋኑ ባለ ሁለት ረድፍ መሆኑን ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1925 የቀይ ደም ሕዋሳትን መርምረው አስረድተዋል።

ቅዝቃዜ ሲበረታ ጭራዎቹ ቀጥ ብለው ይጠጋጋሉ፤ ሽፋኑም ይጠጥራል። ሙቀት ሲጨምር ጭራዎቹ ይጎባበጣሉ፤ ሞለኪውሎቹም እንደ ልብ ይንሸራተታሉ። ለውጡ የሚደርስበት የሙቀት መጠን እንደ ጭራዎቹ ዓይነት ይለያያል። በአንድ የታወቀ የቅባት ዓይነት፣ ጭራዎቹ 14 ካርቦን ሲኖራቸው ለውጡ በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ 16 ካርቦን ሲኖራቸው ደግሞ በ41 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ጭራው በተፈጥሮው የተቆለመመ ከሆነ ግን ሽፋኑ ከዜሮ በታችም ሳይጠጥር ሊቆይ ይችላል። ባክቴሪያዎች ብርድ ሲገጥማቸው የተቆለመሙትን ጭራዎች በማብዛት ሽፋናቸው እንዳይደርቅ የሚያደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ በዓይን ለማየት ተመራማሪዎች ሽፋኑን በጠጣር ነገር ላይ ያነጥፉታል። ለዚህ የሚመረጠው ሚካ የተባለው ማዕድን ነው፤ ሲላጥ እጅግ ለጥ ያለ ገጽ ያወጣልና። በሽፋኑና በሚካው መካከል ስስ የውኃ ንብብር ይቀራል። ከዚያም በቅባቱ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ተጨምሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቀለሙ ከጠጣሩ ክፍል ይልቅ በላላው ክፍል ስለሚበዛ፣ ጠጣሩ ክፍል ጠቆር ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተፈለሰፈው የአቶም ኃይል ማይክሮስኮፕ ደግሞ በብርሃን ፋንታ በቀጭን መርፌ ገጹን ይዳስሳል። ጭራዎቹ ቀጥ ያሉበት ጠጣሩ ክፍል ከላላው በአንድ ናኖሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ መርፌው ልዩነቱን ይለያል። ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲጨመር ጠጣሮቹ ደሴቶች እያነሱ ሄደው በመጨረሻ ይጠፋሉ። ይሁን እንጂ ሚካው ሽፋኑን በመጠኑ ስለሚይዘው፣ ለውጡ በነፃ ሽፋን ላይ ከሚታየው ይልቅ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ ይካሄዳል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ረድፎች በየተራ ይቀልጣሉ። በመሆኑም የተነጠፈው ሽፋን የሕያው ሕዋስ ምሳሌ እንጂ ራሱ ሕዋሱ አለመሆኑ አይዘነጋም።

ይህ እውቀት ለሕክምና የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ካላዛር በተባለው በሽታ ይጠቃሉ። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ካልታከመ ይገድላል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ አምፎተሪሲን ቢ ነው። ይህ መድኃኒት የጥገኛውን ተውሳክ ሽፋን እየበሳ ይገድለዋል፤ ነገር ግን ብቻውን ሲሰጥ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ሊፖሶም በተባሉ ጥቃቅን የቅባት እንክብሎች ውስጥ እንዲያዝ ተደረገ። የእንክብሉ ዋና ቅባት የሚላላው ከ50 ዲግሪ በላይ በመሆኑ፣ በ37 ዲግሪ የሰውነት ሙቀት መድኃኒቱን አጥብቆ ይይዛል። እንክብሎቹንም ተውሳኩ የተደበቀባቸው የጉበትና የጣፊያ ሕዋሳት ይውጧቸዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ. አንድ ላይ ለያዟቸው የምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን ይህ መድኃኒት ሚልቴፎሲን ከተባለው ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ መክሯል። ለምክሩ መነሻ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተካሄደ ነበር። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት መቀመጥ አለበት፤ በረዶ እንዲሆንም አይፈቀድም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ ይህን መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው። ቅቤ የሚያቀልጠው ቆላ መድኃኒቱንም ይፈትነዋል፤ የቅባትን ጠባይ መርምሮ ማወቅም የሰው ሕይወት ለማዳን ይረዳል።