መቀሱ ሲያዝ ቫይረሱ ምን ይሆናል?

ደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ይዞታል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መንስኤው ብዙ ነው። ከመንስኤዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 ማንነቱ የታወቀው ሄፓታይተስ ሲ የተባለ ቫይረስ ነው። ይሄኛው ድምፁን ያጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ዓይን ሳያቀላ፣ ቢጫም ሳያደርግ፣ ጉበት ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይቀመጣል። የሚተላለፈው በደም ነው፦ እንጥል የተቆረጠበት ወይም ዋግምት የተደረገበት ምላጭ ከሰው ሰው ሲዞር፣ በአንድ መርፌ ሁለት ሰው ሲወጋ። ክትባት የለውም። የሚያድን መድኃኒት ግን አለው፤ እንዴት እንደተገኘ እንይ።

ገበያ ዳር የስፌት መኪናውን የዘረጋ ልብስ ሰፊ አስቡ። ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ብትሰጡት፣ መቀስ ከሌለው አንድ ሸሚዝ አይወጣውም። ቫይረሱም እንደዚያ ነው። ጉበት ሴል ውስጥ ሲገባ ሴሉን የሚያሠራው አንድ ረጅም ፕሮቲን ነው፤ ወደ 3,000 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት። ይሄ ጣቃ 10 ቦታ ካልተከፋፈለ ለምንም አይሆንም። ከቆረጣው ከፊሉን የሴሉ ኢንዛይሞች ይሠሩለታል፤ ከቀረው አብዛኛውን የሚቆርጠው ግን የቫይረሱ የራሱ መቀስ፣ ፕሮቲኤዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። (መቀሱ ራሱ የሚወጣው ከዚያው ጣቃ መሆኑ አይገርምም?) በዚያ ላይ ሴሉ «ቫይረስ ገባብኝ!» ብሎ የሚጮህበትን ፕሮቲን ይቆርጥበታል። ስለዚህ መቀሱን መያዝ ሁለት ጥቅም አለው።

መያዙ ግን ቀላል አልነበረም። የኤችአይቪ መቀስ ጎድጎድ ያለ አፍ ስላለው እ.ኤ.አ. በ1995 መድኃኒት ተገኝቶለታል። የሄፓታይተስ ሲ መቀስ አፍ ግን እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው፤ ትንሽ ሞለኪውል የሚንጠለጠልበት ጥግ የለውም። መውጫውን ያሳየው መቀሱ ራሱ ነው። የቆረጠው ቁራጭ ጫፍ ቶሎ አይለቀውም፤ አፉ ላይ ተጣብቆ ሥራ ያስፈታዋል። ተመራማሪዎች ያንን ቁራጭ አሳጠሩት፣ እንዳይሟሟ አጠነከሩት፣ በክኒን እንዲዋጥ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2003 ቢአይኤልኤን 2061 የተባለው ሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት፣ በሁለት ቀን ብቻ የሕሙማኑን ደም ውስጥ የነበረ ቫይረስ ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ቀነሰው። ከዚያ በእንስሳት ላይ ልብን ሲጎዳ ታየና ቆመ። ቢቆምም፣ መንገዱ እንደሚያደርስ ያረጋገጠው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ቴላፕሬቪርና ቦሴፕሬቪር አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። እዚህ ላይ ግን የእኛ ጉዳይ ይመጣል። ቫይረሱ በርካታ ዝርያዎች አሉት፤ የመቀሳቸው ቅርፅም በመጠኑ ይለያያል። ሁለቱ መድኃኒቶች የተለኩት አሜሪካና አውሮፓ ለሚበዛው ዝርያ 1 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበዛው ዝርያ 4 ነው። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ሸሚዝ ማለት ነው! ያውም አወሳሰዱ ከባድ ነበር፤ ቴላፕሬቪር ሲወጣ በየ8 ሰዓቱ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር እንዲዋጥ ነበር የታዘዘው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም የጎጃም ገበሬ ይህን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ሁለቱም በጥቂት ዓመታት ከገበያ ወጡ።

ሌላው ችግር ቫይረሱ ራሱ ነው። በአንድ ታማሚ ውስጥ በቀን እስከ አንድ ትሪሊዮን ቅጂ ያወጣል፤ ሲገለብጥ ደግሞ ስህተቱን አያርምም። ከዚያ ሁሉ መሃል መድኃኒቱ የማይዘው መቀስ ያለው አንዱ አይጠፋም። ለዚህ ነው ዛሬ መድኃኒቱ ለብቻው የማይሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተፈቀደው ግሌካፕሬቪር፣ ሌላ የቫይረሱን ፕሮቲን ከሚይዘው ፒብሬንታስቪር ጋር ተጣምሮ፣ ከ1 እስከ 6 ላሉት ዝርያዎች በሙሉ ይሠራል፤ አራተኛውም አለበት። ለብዙዎች 8 ሳምንት ይበቃል። ስሙ «ፕሬቪር» ብሎ የሚያልቅ መድኃኒት ስታዩ መቀስ ያዥ መሆኑን እወቁ። ሶፎስቡቪር የዚህ ወገን አይደለም፤ እሱ የሚያቆመው የቫይረሱን መገልበጫ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስላችሁ። መቀስ ያዦቹን ከሰውነት የሚያስወግደው ጉበት ነው። ጉበቱ ደክሞ ሆዱ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ሐኪም ቤት ለሚደርስ ሰው መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይጠራቀምበታል፤ ስለዚህ አይሰጠውም። ለእሱ የሚቀሩት እንደ ሶፎስቡቪር ያሉት ናቸው። ቀደም ብሎ ተመርምሮ ቢሆን ሁለቱም በር ክፍት ነበረለት።