የተዋሰው ደረሰኝ

ባለፈው ክረምት ነው። አንድ አብሮ አደጌን ፊቱን እንደ ሐምሌ ሰማይ አጥቁሮ ሻይ ቤት ውስጥ አገኘሁት። ልጁ በጂፕሰምና በቀለም ሥራ ነው የሚተዳደረው። አለቃ የለው፣ የሰዓት ፊርማ የለው፣ ስልክ ሲደወልለት ሁለት ልጆች ይዞ ሄዶ ሠርቶ ይመጣል። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «ተበላሁ!» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ድርጅት ቢሮ በ40,000 ብር ተዋውሎ ቀባ። ሥራው አማረ፣ ተመሰገነ። ሒሳብ ክፍል ሲሄድ ግን የተሰጠው 28,000 ብር ነው። «12,000 ብሬስ?» ቢል፣ «ቲን ቁጥር ስላላመጣህ 30 ከመቶ ለመንግሥት ቆርጠናል» አሉት። የቀለሙን፣ የስቱኮውንና የልጆቹን ሲከፍል ለራሱ የተረፈችው የታክሲ ናት።

እናንተዬ፣ ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ አልበላችውም። ሕጉ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ድርጅቶች ለአገልግሎት ሲከፍሉ ቲን ካቀረበው ሰው 2 ከመቶ፣ ካላቀረበው ደግሞ 30 ከመቶ ቀንሰው እንዲያስቀሩ ደነገገ። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ 2ቱ ወደ 3 ከፍ አለ። ስለዚህ ወዳጄ ወረቀቱን አሟልቶ ቢሄድ ኖሮ የሚቆረጥበት 1,200 ብር ነበር፤ 38,800 ይዞ ይወጣ ነበር። የ10,800 ብር ልዩነት! ለዚያውም 1,200ዋ ዓመቱ ሲያልቅ ከሚከፍለው ግብር ላይ ትታሰብለታለች።

«ምናለ ዝም ብለው ቢሰጡኝ?» ይላል ወዳጄ። አይሰጡህም፤ ያልቆረጡትን ከኪሳቸው እንዲከፍሉ የሚጠየቁት እነሱ ናቸዋ! የግብር ቁጥጥር በጠበቀ ቁጥር ከፋይ ይፈራል፣ ከፋይ ሲፈራ ደግሞ ብትሩ የሚያርፈው በኮንትራት ሠራተኛው ላይ ነው። ይሄ የኛ አገር ጣጣ ብቻ አይምሰላችሁ። እንግሊዝ አገር ደመወዝተኛ ሆነው ሳለ በራሳቸው ኩባንያ ስም እየተከፈላቸው ግብር የሚቀንሱትን ለመያዝ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ሕግ ወጥቷል፤ «አይአር 35» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በግሉ ዘርፍም «ይሄ ሰው ተቀጣሪ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ የመወሰኑ ኃላፊነት ከትንንሾቹ በቀር ወደ አሠሪዎች ተዛወረ። ያን ጊዜ አንዳንድ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ምን አሉ? «ከነጭራሹ በራሱ ኩባንያ የሚሠራ ሰው አንፈልግም!» በሕጋዊ መንገድ የሚሠራውም አብሮ ተጠረገ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ከዚያ በኋላ ምን አደረገ መሰላችሁ? ንግድ ፈቃድ ማውጣት ትቶ ሌላ ዘዴ ፈለገ። ፈቃድ ያለው የሰፈር ልጅ ጋ ሄዶ «ደረሰኝህን አውሰኝ፣ 5 ከመቶ እሰጥሃለሁ» አለው። ያም ይሉኝታ ይዞት ሰጠው። ሥራው ቀጠለ፣ ገንዘቡ ሳይቆራረስ መጣ። ሁለቱም ደስ አላቸው።

ደስታው ግን አንድ ዓመትም አልቆየ። ድርጅቶች ከማን ላይ ስንት እንደቆረጡ ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳውቃሉ። ደረሰኝ አዋሹ ዓመታዊ ግብሩን ሊከፍል ሲሄድ በስሙ የተመዘገበው ገቢ እሱ ከሚያውቀው በእጥፍ በልጦ ጠበቀው። አሁን ሁለት መንገድ ብቻ ቀረው። አንዱ እጁ ላልገባ ገንዘብ ግብር መክፈል ነው። ሌላው «ያልሠራሁበትን ደረሰኝ ነው የሰጠሁት» ብሎ ማመን ነው፤ ይሄ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። ከፈለ። ዛሬ ሁለቱ ልጆች በአንድ በር እየወጡ እየገቡ ሰላምታ የላቸውም።

ሌላም አለ። አንዲት የማውቃት ልጅ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት 2፡30 ትገባለች፣ 11፡30 ትወጣለች። ኮምፒውተሩ የቢሮው፣ ትእዛዙ የአለቃዋ፣ ክፍያው በየወሩ 20,000 ብር። ውሉ ላይ ግን «የአገልግሎት ኮንትራት» ተብሎ ተጽፏል። በየወሩ 600 ብር፣ ማለትም 3 ከመቶ ብቻ ይቆረጥባታል። «እድለኛ ነኝ» ትላለች።

እስቲ እናስላው። 20,000 ብር ደመወዝ ቢሆን በ2017ቱ ማሻሻያ የሥራ ግብሩ 4,950 ብር ነው። በዚያ ላይ ጡረታ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ አለ። እንግዲህ «ኮንትራት» የሚለው ቃል የማንን ኪስ እንደሚያድን አያችሁ? አሠሪው 2,200 ብር ጡረታ ከመክፈል ይድናል። እሷ ግን ጡረታም የላት፣ የዓመት ፈቃድም የላት፣ የወሊድ ፈቃድም የላት። 600ዋም ቅድመ ክፍያ እንጂ የመጨረሻ ግብር አይደለችም።

ሕጉ የሚያየው የውሉን ርዕስ ሳይሆን ሥራውን ነው። አሠራሩን የሚወስነው ራሱ ሠራተኛው ከሆነ ኮንትራክተር ነው፤ በሰው ትእዛዝ፣ በሰው ሰዓት የሚሠራ ግን ስሙን ምንም ቢሉት ተቀጣሪ ነው። ኦዲተር መጥቶ «ይሄ ደመወዝ ነው» ያለ ቀን አሠሪው ያልቆረጠውን ይጠየቃል። ያን ጊዜ «ውልሽ አልቋል» ቢላት ምን ይዛ ትከራከራለች? ስለዚህ ከአሁኑ የክፍያ ወረቀቷንና ውሏን ትሰብስብ፤ የሥራ ሕግ የሚያውቅ ሰውም ታማክር።

መቼም «ትልልቆቹ እያሉ እኛ ላይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ግን በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የሆነውን እናስታውስ። የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ትንሽ ነጋዴ ጮኸ፤ አምቦና ወሊሶ ላይ ሱቆች ተዘጉ። የገቢና ወጪ መዝገብ የሌለውን ሰው ገቢ ሌላ ሰው ይገምትለታል፤ ግምቱ ደግሞ አያዝንም።

እና ምን ይሻላል? ሥራው ሳይመጣ በፊት ፈቃድና ቲን አውጡ። ዋጋ ስትነጋገሩ «ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተቆረጠባችሁ የተቆረጠበትን ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከሒሳብ ክፍል አትውጡ፤ ሲመሽ ማስረጃችሁ እሱ ነው። የቀለሙንም የሚስማሩንም ደረሰኝ በአንድ ፌስታል አጠራቅሙ። የግብር ውሳኔው ከበዛባችሁም አትኩርፉ፤ የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቅሬታ ለማቅረብ የሰጠው 21 ቀን ነው፣ ቶሎ ያልፋል። ከሁሉ በላይ ደረሰኝ አትዋሱ፣ አታውሱም።

አብሮ አደጌ በመጨረሻ ፈቃዱን አወጣ። «ስንት ቀን ፈጀብህ?» ብለው ሳቀና «ካኮረፍንበት ቀን ያንሳል» አለኝ። የዚያን ልጅ ግብር በየወሩ እየከፈለ ይመልስለታል፤ ሰላምታው ግን ገና አልተመለሰም።

ቸር እንሰንብት!