በነፍሳት ቆዳ ውስጥ የሚከማች ቀለምና ማዕድን

የነፍሳት ቀለም ሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ ከላይ ባለው ጠንካራ ልባስና ልባሱን በሚያመነጩት የቆዳ ሕዋሳት ውስጥ። የልባሱ ቀለም፣ በተለይም ጥቁሩ ሜላኒን፣ ቆዳ ሲቀየር አብሮ ይገፈፋል። ሕዋሳቱ ግን ስለማይጣሉ ቀለማቸው በየዕድገት ደረጃው ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ይለወጣል።

በጣና ዳር፣ በዘጌም ሆነ በባሕር ዳር ጓሮዎች፣ ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ሎሚ ላይ የሚያድገው የቢራቢሮ አባጨጓሬ ነው። እስከ አራተኛው ደረጃ ቡናማና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ በአምስተኛው እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል። በዚህ ወገን ነጩ በሕዋሳቱ ውስጥ የተጠራቀመ ዩሪክ አሲድ ነው፤ ሰውነት ሊያስወግደው የሚገባ ዝቃጭ መደበቂያ ሆኖ ያገለግላል። አረንጓዴው ደግሞ ሰማያዊ ቢሊንና ከቅጠል የተገኘ ቢጫ ካሮቲኖይድ በአንድነት የሚሰጡት ነው። ፉታሃሺና ፉጂዋራ የተባሉ ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ2008 በእስያዊው የሎሚ ቢራቢሮ ላይ እንዳሳዩት፣ ለውጡን የሚያስጀምረው የወጣትነት ሆርሞን በአራተኛው ደረጃ መቀነሱ ነው። ሆርሞኑ በሰው እጅ ሲጨመርለት አባጨጓሬው በአምስተኛውም ደረጃ ኩስ እንደመሰለ ይቆያል።

ማዕድኑ በአጭሩ ይነገራል። በነፍሳት ዓይን ያሉ የቀለም ቅንጣቶች ካልሲየም ይይዛሉ፤ የብዙ ቅጠል በል ነፍሳት መንጋጋ ጠርዝም በዚንክ ወይም በማንጋኒዝ ይጠነክራል።

የቀለሙን ጉዳይ ለኢትዮጵያ አንገብጋቢ ያደረገው ግን በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ወሎንና ራያን ያጠቃው የበረሃ አንበጣ ነው። ኩብኩባው ለብቻው ሲያድግ አረንጓዴ፣ ተጨናንቆ ሲያድግ ቢጫና ጥቁር ነው። የመንጋው አንበጣ ክንፍ ሲያወጣ ሮዝ፣ ለመራባት ሲደርስ ቢጫ ይሆናል። ቢጫውን የሚሰጠው ካሮቲን ተሸካሚ ፕሮቲን ሲሆን በወንዶቹ ላይ ይጎላል።

የጥቁሩ ምንጭ ከሁሉ ይበልጥ አነጋጋሪ ነው። ጣውፊቅ፣ ታናካና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ኮራዞኒን የተባለው ሆርሞን ጥቁረትን እንደሚያመጣ ደረሱበት፤ ተሰዳጅ ከሚባለው ሌላ የአንበጣ ዝርያ ቀለም አልባ የሆኑት ሆርሞኑን ሲወጉ ጠቆሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች በዚሁ ተሰዳጅ አንበጣ ላይ ያልተጠበቀ መልስ አገኙ፤ ቤታ ካሮቲን የያዘ ቀይ ፕሮቲን በቆዳ ሕዋሳት ሲበዛ፣ ከሥር ባለው አረንጓዴ ላይ ተደርቦ ጥቁር መልክ ይሰጣል። ግኝቶቹ የሚጋጩ ቢመስሉም አይጋጩም፤ የመጀመሪያው ትእዛዙን፣ ሁለተኛው ቀለሙን ያስረዳል። ይሁንና ጥቁር ሁሉ ሜላኒን ነው የሚለው የቆየ ግምት ከእንግዲህ አያስኬድም።

ሮዝ መንጋ ገና ይጓዛል፤ ቢጫ መንጋ እንቁላል ሊጥል ተቃርቧል። ስለዚህ መንጋ ያየ ገበሬም ሆነ የግብርና ባለሙያ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ቀለሙንም ያሳውቅ።