12 ሕፃናት፣ 12 ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1823 የተመሠረተው የብሪታንያው የሕክምና ጆርናል ላንሴት በ1998 ባወጣው አንድ ጥናት የተካተቱት ሕፃናት 12 ብቻ ነበሩ፤ ሆኖም የጥናቱ መሪ አንድሪው ዌክፊልድና ባልደረቦቻቸው ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድነት የሚከላከለው ክትባት ከኦቲዝም ጋር ይያያዝ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ በማንሣታቸው፣ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከማስከተብ ወደኋላ አሉ።

ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት በዘርፉ ባለሙያዎች ታይቷል፤ ይህ አሠራር የአቻ ግምገማ ይባላል። ገምጋሚው ግን የሚያነበው የቀረበለትን ጽሑፍ እንጂ የሕሙማኑን መዝገብ ስላልሆነ፣ የተሸሸገን ነገር ያገኛል ብሎ መጠበቅ ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው። ሕፃናቱ በተለመደው መንገድ በተከታታይ ወደ ሆስፒታል እንደተላኩ ተደርጎ ቢጻፍም፣ አንዳንዶቹ የተገኙት ሆን ተብሎ ተመርጠው ነበር፤ ዌክፊልድም የክትባቱን አምራቾች ለመክሰስ ከሚዘጋጅ ጠበቃ ገንዘብ ይቀበሉ እንደነበር አልገለጹም። የተመራማሪን ፍርድ ሊያዛባ የሚችል እንዲህ ያለ ጥቅም የጥቅም ግጭት የሚባል ሲሆን፣ አንባቢ ጥናቱን በዚያው ልክ እንዲመዝነው ደራሲው አስቀድሞ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ጉዳዩን በ2004 ያወጣው ጋዜጠኛው ብራያን ዲር ነው። በዚያው ዓመት ከ13ቱ ደራሲዎች 10ሩ ከክትባቱ ጋር የተያያዘውን ትርጓሜ ሲያነሱ፣ ላንሴት ግን የገንዘቡ ነገር መገለጽ እንደነበረበት ቢያምንም የሕፃናቱን አመራረጥ የሚመለከተውን ክስ አልተቀበለም። ጥናቱን ሙሉ በሙሉ የሻረው፣ ማለትም ሊታመን እንደማይገባው በይፋ ያስታወቀው፣ በ2010 የአገሪቱ የሐኪሞች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት በዌክፊልድ ላይ ያደረገውን ምርመራ ውጤት ባሳወቀ በቀናት ውስጥ ነበር። ላንሴት በ1998 ስለ መታለሉ ይቅርታ ሊደረግለት ይችል ይሆናል፤ ከ2004 በኋላ ስላለፉት ስድስት ዓመታት ግን ይህን ማለት ይከብዳል።

የመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ጆርናሎች ጥርጣሬን ከሚያጣሩበት አሠራር ይመነጫል። በ1997 በብሪታንያ በጆርናል አርታኢዎች የተቋቋመው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ በሚመክረው መሠረት፣ ጥርጣሬ የገባው አርታኢ በቅድሚያ ደራሲውን፣ መልሱ ካላጠገበውም የደራሲውን ተቋም ይጠይቃል፤ ተቋሙ ደግሞ የሚመረምረው የራሱን ሰው፣ የሚጠብቀውም የራሱን ስም ነው።

ዛሬ ጽሑፉን የሚያወርድ አንባቢ በየገጹ ላይ መሻሩን የሚናገር ጽሕፈት በትልልቅ ቀይ ፊደላት ተጋድሞ ያገኛል፤ ፊደላቱ ግን ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ አይሸፍኑም፣ ጥናቱን ጠቅሰው የጻፉ ሁሉ ምን እንደጠቀሱ እንዲታወቅ ሲባል እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ይነበባል።