ተደጋጋሚ የደንበኛ መዛግብትን ማዋሐድ፦ በምሥራቅ አዲስ አበባ የማንነት ማስረጃ እንዴት ይመዘናል?

አንድ ደንበኛ በአንድ ድርጅት የመረጃ ቋት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ ዕዳው በአንዱ መዝገብ፣ ክፍያው በሌላው ሊሰፍር ይችላል። መዛግብቱን ማዋሐድ ይህን ያስተካክላል። ሆኖም ሁለት የተለያዩ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ከተቆጠሩ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይወድቃል። ተደጋጋሚ መዝገብ ዘግይቶም ሊዋሐድ ይችላል፤ የተደባለቀን መዝገብ መለየት ግን እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ስሕተት ይከፋል።

የመደጋገም አንዱ ምንጭ አጻጻፍ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም ፀ እና ጸ፣ እንዲሁም ሐ፣ ሀ እና ኀ ሲለዋወጡ ብቻ 6 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። «ገብረ ሥላሴ»ም ተለያይቶ፣ ተጋጥሞ ወይም «ገ/ሥላሴ» ተብሎ አጥሮ ይጻፋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980 የተወለደ ሰው ደግሞ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የ1987 ወይም የ1988 ልደት ይኖረዋል።

አድራሻም አይጸናም። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ በተወሰዱ አካባቢዎች ሲቋቋም፣ ከቤቱ ያልተንቀሳቀሰ ነዋሪ በአሮጌው መዝገብ የቦሌ፣ በአዲሱ የለሚ ኩራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በአንጻሩ ወንድማማቾች የአባትና የአያት ስም ይጋራሉ፤ አንድ ስልክ ቁጥርና አንድ ቤትም ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ የአድራሻ ልዩነት ብቻውን ሁለት ሰው መሆንን፣ የአባት ስምና የስልክ መመሳሰልም አንድ ሰው መሆንን አያረጋግጥም።

ፌሌጊና ሰንተር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቡት የመዛግብት ማዛመጃ ንድፈ ሐሳብ ለዚህ መሠረት ይሰጣል። እያንዳንዱ መስክ እንደ መለየት አቅሙ ክብደት ይሰጠዋል፤ በብዛት የሚገኝ ስም መመሳሰሉ ብርቅ ከሆነ ስም መመሳሰል ያነሰ ይመዝናል። በድምሩ መሠረት ጥንዶቹ የሚዛመዱ፣ የማይዛመዱ እና በሰው መመርመር ያለባቸው ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ከዚህ በፊት ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ መልክ፣ በ09 እና በ+2519 የሚጀምሩ ስልኮችም ወደ አንድ ቅርጽ ይመለሳሉ። ይህ ግን ለማነጻጸሪያ ብቻ ነው፤ ደንበኛው ስሙን የጻፈበት ፊደል ሊለወጥ አይገባም።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጣል። በሁለቱም መዛግብት ከተረጋገጠ ከስምና ከአድራሻ የላቀ ማስረጃ ይሆናል። ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊት የተከፈቱ መዛግብት ግን ደንበኛው ራሱ ቀርቦ እስኪያሟላ ድረስ ይህ መስክ ባዶ ነው፤ ባዶ መስክ ደግሞ እንደ ልዩነት ሊቆጠር አይገባም።

ውሕደቱ ሲፈጸም አሮጌው የደንበኛ መለያ ቁጥር አይሰረዝም፤ ወደ ቀሪው መዝገብ እንዲያመለክት ይደረጋል። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ማስረጃ እንዳዋሐደና እያንዳንዱ ደረሰኝ ከየትኛው መዝገብ እንደመጣም ይመዘገባል። ይህ ዱካ ከተጠበቀ፣ በስሕተት የሌላ ሰው ዕዳ የተጻፈበት ደንበኛ አቤቱታ ሲያቀርብ መዝገቡን ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል።